ልጆች፣ ሙዚየም እና የነገ ሙያ፦ የሐረርና የድሬዳዋ ወላጆችና መምህራን ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ልጆችን ይዤ በጀጎል ሙዚየሞች ስዞር ወላጆችና መምህራን የሚያነሱልኝ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መልሶቹን እዚህ ሰብስቤአለሁ። አንዳንዱ ላይ ረዘም አድርጌ ቆይቻለሁ፤ አንዳንዱ ደግሞ በሁለት መስመር የሚያልቅ ነው።

ሙዚየም የአሮጌ ዕቃ ማከማቻ አይደለም እንዴ? ለልጄ የነገ ሥራ ምን ይፈይዳል?

ማከማቻ ብቻ ሆኖ የቀረ ሙዚየም አለ፤ አልክድም። አቧራ የጠጣ መስታወት፣ የደበዘዘ ጽሑፍ፣ ከኋላ ሆኖ «አትንኩ!» የሚል ጥበቃ። እንዲህ ያለው ቤት ልጅን ማሰልቸቱ አያስደንቅም። ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት በ2022 እ.ኤ.አ. ፕራግ ላይ ባጸደቀው ትርጓሜ ግን ሙዚየም ቅርስ ከመጠበቅ ባሻገር ለትምህርት፣ ለመደሰቻ፣ ለማሰላሰልና ዕውቀት ለመጋራት የሚያገለግል፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ ተቋም ነው።

ለእኔ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ በሙዚየም መደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ አንድ ሰው ለገጠመው ችግር የሰጠው መልስ ነው። መጽሐፍን ከእርጥበትና ከምስጥ በምን እንጠብቅ? ሳንቲማችን በቀላሉ አስመስለው እንዳይሠሩት ምን እናድርግ? ጠባብ ቤት ውስጥ እንግዳም፣ ሽማግሌም፣ ሙሽራም የየራሱ ቦታ እንዲኖረው እንዴት እንገንባ? ልጁን «ይህ መቼ ተሠራ?» ብለን ብንጠይቀው ዓመተ ምሕረት ይሸመድዳል። «አንተ ብትሆን በምን ትሠራው ነበር?» ብንለው ግን እጁ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ፈጠራ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሐረር ላይ ደግሞ ብዙ ከተማ የሌለው ዕድል አለ። በመስታወት ውስጥ ያለውን ሰፌድ አይተን ስንወጣ፣ ያንኑ ስፌት የምትሰፋ እናት ሁለት ሦስት መታጠፊያ አልፎ ትገኛለች።

ልጄ ሐኪም ወይም ኢንጂነር እንዲሆን ነው የምፈልገው። ሰፌድና ጥልፍ ምን ያደርግለታል?

ከሰፌዱ እንጀምር። የሐረር ሰፌድ ከመሐል ተነሥቶ እየተጠቀለለ የሚሰፋ ነው። ሰፊዋ አክርማውንና ስንደዶውን በወስፌ እየወጋች ስትዞር፣ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ይሰፋል። መሐል ላይ የጀመረችው ስምንት ጫፍ ያለው ቅርጽ ዳር እስኪደርስ ሳይዛነፍ እንዲያድግ፣ በየዙሩ ስንት ጊዜ በአለላ፣ ስንት ጊዜ በነጩ እንደምትወጋ መቁጠር አለባት። ራዲየሱ እጥፍ ሲሆን ዙሪያው እጥፍ እንደሚሆን ማንም በሰሌዳ ላይ አልጻፈላትም፤ እጇ ግን ያውቀዋል። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ይህን ቆጥሮ በካሬ ወረቀት ላይ ሲያሰፍረው የክበብ ትምህርት ሌላ መልክ ይይዝለታል።

ከዚህ ወደ ኮምፒውተር ያለው መንገድም ሩቅ አይደለም። ፈረንሳዊው ጃካርድ በ1804 እ.ኤ.አ. የሠራው የሽመና መኪና ጥለቱን የሚያነበው ከተበሱ ካርዶች ነበር። እንግሊዛዊው ባቤጅ ለስሌት መኪናው ንድፍ የካርዱን ሐሳብ ከዚያ ወሰደ። ጥለት መቁጠር የሚችል ልጅ ለፕሮግራም አጻጻፍ ባዕድ አይሆንም።

ስለ ሐኪሙም ልንገርዎ። በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ወደ ሥዕል ሙዚየም ወስዶ አንድ ሥዕል ፊት እያቆመ ያዩትን በዝርዝር እንዲናገሩ ያደርጋል። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ በዚህ የሠለጠኑት ተማሪዎች በሕመምተኛ ላይ የሚታዩ ምልክቶችን ከሌሎቹ በተሻለ አስተውለዋል። ሐኪም ከመድኃኒቱ በፊት ዓይን ያስፈልገዋል። ዓይን ደግሞ ይሠለጥናል።

ይህ ሁሉ መልካም ምኞት ነው ወይስ ማስረጃ አለው?

የምተማመንበት አንድ ጥናት አለ። በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት ክሪስታል ብሪጅስ የተባለ የሥዕል ሙዚየም በ2011 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የትምህርት ቤቶች የጉብኝት ጥያቄ ከአቅሙ በላይ ሆነ። ስለዚህ ተራው በዕጣ ተደለደለ፤ ተመራማሪዎቹም ዕጣ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች አነጻጸሩ። የጎበኙት ልጆች አይተውት የማያውቁትን ሥዕል ሲተነትኑ የተሻለ አስተውሎት አሳዩ፤ ወደ ሙዚየም የመመለስ ፍላጎታቸውም ጨመረ። ከሁሉ በላይ የተጠቀሙት ከገጠርና ከድሃ አካባቢ የመጡት ነበሩ። ይህ የሆነው በአንድ ቀን ጉብኝት ነው።

ጥናቱ «ሙዚየም የጎበኘ ልጅ ወደፊት ጥሩ ሥራ ያገኛል» አላለም። እኔም አልልም። አስተውሎ ማየትንና ምክንያት ሰጥቶ መናገርን ያሳድጋል፤ እነዚህ ሁለቱ የማይጠቅሙበት ሙያ ካለ ግን ይንገሩኝ።

ሐረር ውስጥ የት የት ልውሰዳቸው? እያንዳንዱ ቦታ ለምን ይሆናል?

አንድ ቀን አንድ ቦታ። ሁሉንም በአንድ ጀምበር ለማዳረስ የሚሮጥ ጉብኝት ለልጅ ድካም ብቻ ነው።

የሸሪፍ ሙዚየም የመጀመሪያው ይሁን። አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ለዓመታት በግላቸው የሰበሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦች፣ አልባሳት፣ የጦር መሣሪያዎችና የተቀዱ ዜማዎች የሚገኙት ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው፣ የእንጨት ሥራው ከሕንድ የእጅ ጥበብ ጋር በሚመሳሰለው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው። አንድ ሰው ከራሱ ፍላጎት ተነሥቶ ሙዚየም ማቋቋም መቻሉ ራሱ ለልጅ የሚነገር ታሪክ ነው፤ ሰብሳቢነትም ሙያ ነውና።

እዚያ ሁለት ነገር ላይ ቆም ይበሉ። አንደኛው ሳንቲሙ። ሐረር በአሚሮቿ ዘመን የራሷን ገንዘብ ትመታ ነበር። በሳንቲም ላይ ጽሑፍ ቀጥ ብሎ እንዲወጣ መምቻው ላይ ተገልብጦ መቀረጽ አለበት። ልጁ ቤት ሲመለስ ግማሽ ድንች ላይ ስሙን ገልብጦ ይቅረጽና በቀለም ያትም፤ የመጀመሪያው ሙከራ ላይ አንድ ፊደል መዞሩ አይቀርም፤ ለምን እንደዞረም ራሱ ይደርስበታል። የኅትመት፣ የማኅተምና የአርማ ንድፍ ሥራ ከዚህ ይጀምራል።

ሁለተኛው መጽሐፉ። ሐረር የጥራዝ ከተማ ነበረች። ቁርኣኑና ሌላው የሃይማኖት መጽሐፍ በእጅ ይጻፋል፣ ገጹ ታጥፎ ይሰፋል፣ ቆዳ ይለብሳል፣ ቆዳው ላይ ድጉስ፣ ማለትም በጋለ ብረት የሚታተም ጌጥ፣ ይወርድበታል። የሽፋኑ አንድ ወገን እንደ ክዳን ታጥፎ የገጾቹን ጠርዝ ይሸፍናል። ሙዚየሙ የተጎዱ የእጅ ጽሑፎችን በመጠገንና የጥራዝ ሙያውን መልሶ በማስተማር ይታወቃል። ልጆቹን «ይህ ክዳን ለምን አስፈለገ?» ብለው ይጠይቁ። አቧራ ያሉም፣ አይጥ ያሉም፣ «እንዳይነበብ ነው» ያሉም ገጥመውኛል። ከዚያ በየቤቱ ካለቀ ደብተር የተረፉ ነጭ ገጾችን አጥፈው፣ በመርፌ ሰፍተው፣ በካርቶን ሸፍነው የራሳቸውን ትንሽ መጽሐፍ ይሥሩ። የሚያስፈልገው መርፌ፣ ክርና ሙጫ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሐረሪ ባህላዊ ቤት። ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. (2006 እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ለየት አድርጎ የጠቀሰው የእነዚህን ቤቶች የውስጥ አሠራር ነው። ወለሉ በተለያየ ከፍታ የተሠሩ ነደባዎች፣ ማለትም የመቀመጫ መደቦች፣ አሉት፤ ማን የት እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር ይለያያል። ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት መደርደሪያዎች ቁም ሣጥንን ተክተዋል። ለአዲስ ሙሽሮች የተለየች ጠባብ ክፍል አለች። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ምንጣፍ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን ይናገራል ይባላል። አንድ ክፍል ይህን ሁሉ ሥራ ይሠራል! ልጆቹ ወለሉን በክንዳቸው ይለኩ፣ ንድፉን ይሣሉ፣ ከዚያ «የእኛ ኮንዶሚኒየም ሳሎን በዚህ ዘዴ ቢሠራ ምን ይመስላል?» የሚለውን ይሞክሩ። አርክቴክት የሚሆነው ልጅ እዚያ ላይ ራሱን ይገልጣል፤ እርሳሱን አልለቅም የሚለው እሱ ነው።

የራምቦ ቤት ደግሞ የፎቶግራፍ ቤት ነው ብዬ አስባለሁ፤ ምንም እንኳ በገጣሚ ስም ቢጠራም። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ በ1880 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለአንድ የንግድ ድርጅት ሠራተኛ ሆኖ ሐረር ሲደርስ ግጥሙን ትቶት ነበር። አሁን በስሙ የሚጠራው ባለ ቀለም መስታወቱ ቤት የኖረበት እንዳልሆነ አስጎብኚዎቹም ይናገራሉ። ለልጆች የምነግራቸው ስለ ካሜራው ነው። ከፈረንሳይ አስመጥቶ በ1883 እ.ኤ.አ. ያነሣቸው ምስሎች ከሐረር ቀደምት ፎቶግራፎች መካከል ናቸው። ለቤተሰቡ ሲልክላቸው ምስሎቹ የነጡት ባጠበበት መጥፎ ውኃ ምክንያት እንደሆነ ጽፏል። ፎቶግራፍ ጥበብ ብቻ ሳይሆን ኬሚስትሪም መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ አላገኘሁም። በዚያ ላይ ግጥም፣ ንግድ፣ ጉዞና ፎቶግራፍ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ መፈራረቃቸው፣ «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ለሚባለው ልጅ መልሱ አንድ ብቻ መሆን እንደሌለበት ያሳየዋል።

ከሙዚየሙ ሲወጡ በመኪና ግርግር ይለፉ። ስሙ ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የመጣው ይህ ጎዳና ለእኔ የሙዚየሙ የመጨረሻ ክፍል ነው። በመስታወት ውስጥ ያዩትን ቀሚስ ዓይነት ጨርቅ መርጦ፣ ለክቶ፣ ቆርጦ የሚሰፋ ባለሙያ በራፉ ላይ ተቀምጧል። ፈቃድ ጠይቀው ልጆቹ ጥቂት ይመልከቱ። ባለሙያው ከትርፍራፊ ጨርቁ አንድ ቁራጭ ከሰጣቸው ያ ቀን ሞላ።

እኛ ድሬዳዋ ነን። ልጆቹን ይዘን የደንገጎን ዳገት ወደ ሐረር መውጣት ግዴታ ነው?

ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቢመጡ ደስ ይለናል። ግን ድሬዳዋ ራሷ የራሷ ሀብት አላት።

ከተማዋ የተወለደችው በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ሲደርስ ነው። በከዚራ ያለው አሮጌው ለገሃርና የባቡር ጥገና ወርክሾፑ፣ በፈቃድ መጎብኘት ከተቻለ፣ ለመካኒክነት ዝንባሌ ላለው ልጅ ከየትኛውም የመስታወት ሣጥን ይበልጣል። የአንድ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ይሄዱ የነበሩ አሮጌ ባቡሮች፣ ብረት የሚቆርጡና የሚቀርጹ ማሽኖች እዚያ አሉ። መለዋወጫ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ መጠበቅ የማይቻልበት ጊዜ ነበርና በቦታው መሥራትን የሚያውቁ እጆች ያደጉበት ቤት ነው። ከጡረተኞቹ የባቡር ሠራተኞች አንዱን ቢያገኙና ልጆቹ ቢጠይቁት ከጽሑፍ ሰሌዳ ሁሉ ይሻላል። የድሬ ሽማግሌ ሲያወራ ደግሞ ጨዋታ ያውቃል።

ከተማዋ አጠገብ ያለው የፖርኬፒክ ዋሻ ሌላው ነው። ዋሻው በ1929 እ.ኤ.አ. በተመራማሪዎች ዘንድ ከታወቀ ወዲህ በተደረጉ ቁፋሮዎች ወደ 40 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ቀለም የሚሰጥ ድንጋይና የመፍጫ መሣሪያዎች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸው 40 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ሰው እዚሁ፣ ዛሬ ሻይ በምንጠጣበት ከተማ ዳር፣ ያኔ ቀይና ቢጫ ድንጋይ እየፈጨ ቀለም ያዘጋጅ ነበር። በአካባቢው ያለው የለገ ኦዳ ዋሻ ደግሞ የእንስሳትና የሰው ሥዕሎች አሉበት። ቦታው ድረስ መሄድ ካልተቻለ፣ ልጆቹ ከደቻቱ ወንዝ ዳር ልዩ ልዩ አፈር ሰብስበው፣ ፈጭተው፣ አጥልለው፣ በእንቁላል አስኳል ወይም በሙጫ ለውሰው የራሳቸውን ቀለም ይሥሩ። (ደቻቱ ጎርፍ የሚወርድበት ስለሆነ በክረምትና ደመና ባለበት ቀን አይሞክሩት።) ወደ ዋሻው ከሄዱ ሥዕሎቹ ላይ እጅ ማሳረፍም ሆነ ደምቀው እንዲታዩ ብሎ ውኃ መርጨት ጨርሶ አይገባም።

ከስንት ዓመታቸው ጀምሮ ልውሰዳቸው?

መራመድና መጠየቅ ከጀመሩ ይበቃል። ከሰባት ዓመት በታች ላሉት ሃያ ደቂቃ፣ ሦስት ዕቃ፣ ከዚያ ሳምቡሳ። ከዚያ በላይ ላሉት እንደ ትዕግሥታቸው።

ልጄ ሁለት ደቂቃ አይቶ «እንሂድ» ይላል። ምን ላድርግ?

ማብራራቱን ያቁሙ። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ብዙውን ጊዜ የሚያሰለቸው ዕቃው ሳይሆን የአዋቂው ንግግር ነው።

በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የትምህርት ክፍሉን ይመራ የነበረው ፊሊፕ የናዋይንና ተመራማሪዋ አቢጌል ሃውዘን ያዳበሩት ዘዴ ሦስት ጥያቄዎች ብቻ አሉት፦ እዚህ ላይ ምን እየሆነ ነው? ይህን እንድትል ያደረገህ ያየኸው ነገር ምንድን ነው? ሌላስ ምን ይታይሃል? ሁለተኛው ጥያቄ ወሳኙ ነው፤ ልጁ መላምቱን በማስረጃ እንዲደግፍ ያስገድደዋል። አዋቂው «ልክ ነህ» ወይም «ተሳስተሃል» አይልም፤ ልጁ ያለውን መልሶ ይናገርለታል፣ በጣቱ ያመለከተውንም ያሳያል።

እንቆቅልሽ የእኛው ዘዴ ነውና እሱንም ይጠቀሙበት። አንዱ ልጅ አንድ ዕቃ በልቡ ይያዝና «እንቆቅልሽ» ይበል፤ «ምን አውቅልህ» ይባል፤ ቅርጹን፣ ቀለሙን፣ ጥቅሙን በዘወርዋራ ይግለጽ፤ ሌሎቹ ክፍሉን እየዞሩ ይፈልጉ። ካላወቁ አገር ይሰጡታል። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱን ዕቃ ሳይታዘዙ ያዩታል።

መምህር ነኝ፤ በአንድ ክፍል ስልሳ ተማሪ አለኝ። እንዴት ይሆናል?

ስልሳ ልጅ በአንዴ ወደ ጠባብ የጀጎል ቤት ይዞ መግባት ለልጆቹም ለዕቃውም አይሆንም። አስቀድመው ብቻዎን ሄደው ቦታውን ይዩ፤ ከሙዚየሙ ኃላፊ ጋር ቀንና ሰዓት ይነጋገሩ፤ የመግቢያ ክፍያ ለተማሪ ይቀነስ እንደሆነ ያን ጊዜ ይጠይቁ። የዓርብን ቀትር ይተዉት። ክፍሉን በአራት ይክፈሉት፤ አንዱ ቡድን ውስጥ ሲሆን ሌላው በሩን ይሣል፣ ሦስተኛው በአጥሩ ጥላ የሰፌድ ጥለት ይቁጠር፣ አራተኛው ከአንድ የአካባቢው ባለሙያ ጋር ይነጋገር፤ ከዚያ ይፈራረቁ።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና እይታ ጥበባት ትምህርት አለ፤ ጉብኝቱን ከእሱ ጋር ቢያያይዙት ርእሰ መምህሩን ለማሳመን ይቀላል። ግን ሒሳብና ሳይንስ መምህራንም ይምጡ፤ እንዲያውም እነሱ ሲመጡ ነው ጉዳዩ የሚጣፍጠው። ግንቦት 10 በየዓመቱ የዓለም የሙዚየም ቀን ስለሆነ ለመጀመሪያ ጉብኝት ጥሩ ምክንያት ይሆናል።

አንድ ነገር ግን እለምናለሁ፦ ሲመለሱ «ያያችሁትን በአንድ ገጽ ጻፉ» አይበሏቸው። ያዩትን ሠርተው ያሳዩ። በካርቶን፣ በጭቃ፣ በሽቦ፣ በወረቀት።

ስልክ ይዘው ይግቡ?

አንድ ስልክ ለአምስት ልጅ፣ ያም መጨረሻ ላይ። መጀመሪያ በእርሳስ ይሣሉ። ፎቶ ያነሣ ልጅ «በኋላ አየዋለሁ» ብሎ ያልፋል፤ የሚሥለው ግን እጀታው በየት በኩል እንደተያያዘ ሳያይ መሣል አይችልም። ፎቶ ማንሣት የማይፈቀድበትም ክፍል ስለሚኖር በር ላይ ይጠይቁ።

ልጄ ተሰጥኦ የለውም፤ ሥዕል አይችልም። ይጠቅመዋል?

ሥዕል ከብዙዎቹ አንዱ ነው። ዕቃ የሚደረድር፣ ታሪክ የሚተርክ፣ የተሰበረ የሚጠግን፣ «ይህ ልክ አይደለም» ብሎ የሚከራከር ልጅ ሁሉ ሙዚየም ውስጥ ሥራ አለው።

እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ ሙዚየሙ ውስጥ ያለው አብዛኛው የእስልምና መጽሐፍ ነው። ለልጆቼ ይሆናል?

ጥያቄው ከሁለቱም ወገን ይመጣል፤ ሙስሊም ወላጆች የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስላለበት ሙዚየም እንዲሁ ይጠይቁኛል። የቆዳ ድጉሱን ያወረደው እጅ፣ ብራናውን የዳመጠው እጅ፣ ቀለሙን የበጠበጠው እጅ ለሁሉም ልጅ አስተማሪ ነው። የቁርኣንን ጥራዝና የብራና ዳዊትን ጥራዝ ጎን ለጎን አይቶ የአሰፋፍ ልዩነታቸውን ያገኘ ልጅ የሠሪዎቹን ምርጫ ማንበብ ጀምሯል። ሐረር በ2002 እና 2003 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን የሰላም ከተሞች ሽልማት ያገኘችው እንዲህ ጎን ለጎን በመኖሯ ነው።

እውነቱን ንገሩኝ፦ በዚህ እንጀራ ይበላል?

በሰፌድ ብቻ ቤተሰብ ማስተዳደር ከባድ ነው። አንድ ጥሩ ሥራ ለመጨረስ ሳምንታት ይፈጃል፤ ገዢው ቱሪስት ደግሞ አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይቀራል። ይህን ሳልናገር ልጆችን ማስጎምጀት ተገቢ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ በእጅ ሥራው ዙሪያ ያለው ሥራ ሰፊ ነው፤ የአልባሳትና የጌጣጌጥ ንድፍ፣ የማሸጊያና የአርማ ንድፍ፣ የቤት ውስጥ ዲዛይን፣ አኒሜሽን፣ ፎቶግራፍ፣ የቅርስ ጥገና፣ አስጎብኚነት፣ የእጅ ጽሑፎችን በዲጂታል መልክ ማኖር። የሐረሩ ቡና እንኳ በዓለም ሁሉ ስሙ ይጠራል፤ ከረጢቱ ላይ የሚያርፈው ሥዕልና ጥለት ግን የሚነደፈው ብዙ ጊዜ ሐረርን አይተው በማያውቁ ሰዎች ነው። ያን ሥራ የጀጎል ልጅ ቢሠራው ምን ነበረበት? የሐረሪዎች የሹዋሊድ በዓል በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ልብሱ፣ መድረኩ፣ ድምፁ፣ ቀረጻው፣ የእንግዳ አቀባበሉ ሁሉ ባለሙያ ይፈልጋል። ልጆች ገና በአሥር ዓመታቸው እነዚህ ሙያዎች መኖራቸውን ካላወቁ፣ በአሥራ ስምንት ዓመታቸው የሚመርጡት ከሚያውቋቸው አራት አምስት ሙያዎች ብቻ ነው። ሙዚየም ከሚሰጠው ጥቅም ለእኔ ትልቁ ዝርዝሩን ማስፋቱ ነው።

ሙዚየሞቻችንስ ምን ቢያስተካክሉ ይሻላል?

ብዙ። በኒው ዮርክ የብሩክሊን የልጆች ሙዚየም ለሕፃናት ተብሎ የተከፈተው በ1899 እ.ኤ.አ. ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የፊዚክስ ሊቁ ፍራንክ ኦፐንሃይመር በ1969 እ.ኤ.አ. የከፈተው ኤክስፕሎራቶሪየም ደግሞ ጎብኚው ነክቶ፣ አዙሮ፣ ሞክሮ እንዲማር የታሰበ ነው። በአገራችንም አዲስ አበባ ላይ በ2015 ዓ.ም. የሳይንስ ሙዚየም ተከፍቷል። እኛ ግን ያን ያህል ገንዘብ አያስፈልገንም። ጽሑፉ በልጅ ቁመት ይሰቀል። በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ ይጻፍ፤ ልጆቻችን በእነዚህ ሁሉ ያወራሉና። አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚነኩ ነገሮች ይቀመጡ፦ ጥቂት አክርማ፣ ቁራጭ ቆዳ፣ ወስፌ መሰል ደነዝ እንጨት። ማየት ለተሳነው ልጅም ያች ጠረጴዛ መላው ሙዚየም ናት። በወር አንድ ቅዳሜ አንድ ሰፊ፣ አንድ አንጥረኛ ወይም አንድ ጠራዥ መጥቶ ፊት ለፊታቸው ይሥራ፤ የጊዜውም ይከፈለው። የእጅ ባለሙያን «ለልጆቹ ስትል» እያሉ በነጻ ማስቀመጥ፣ ልጆቹን ሙያው ዋጋ እንደሌለው ያስተምራቸዋል።

ከአያቴ የወረስነው አሮጌ ዕቃ ቤት አለ። ለሙዚየም እንስጠው ወይስ እናስቀምጠው?

መጀመሪያ ልጁ ይመዝግበው። ምንድን ነው፣ ከምን ተሠራ፣ የማን ነበር፣ እንዴት እዚህ ደረሰ፣ የቱ ጋ ተሰብሯል፤ አያት በሕይወት ካሉ እሳቸውን ጠይቆ በራሱ ቃል ይጻፍ፤ ዕቃውንም ከሁለት ወገን ይሣለው። አይጠቡት፣ አይወልውሉት፣ በቀለም አያድሱት፤ ያረጀው ገጽ ራሱ መረጃ ነው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በግል እጅ ያለ ቅርስ መመዝገብ አለበት፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ስለዚህ የሚገዛ መጣ ብለው ከመስማማትዎ በፊት ወደ ባህልና ቅርስ ቢሮ ወይም ወደ ሙዚየሙ ኃላፊ ይውሰዱት። ለመስጠት ከወሰኑ የልጁ ጽሑፍና ሥዕል አብሮ እንዲቀመጥ ይጠይቁ፤ ከቤት ያስቀሩት እንደሆነም ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።